ሲ ምን? ቢ ምን?

ነይ ግቢ እቴ ስንቅነሽ፣ ምን ደጅ ያስቆምሻል? ወንፊቱን እሰጥሻለሁ፤ ግን እንዲያው ዕቃ ተቀብሎ ዞር ማለት ጉርብትና ነው? እዚች መደብ ላይ አረፍ በይ፣ ፀሐይዋ ሳታመልጠን። ከሊማሊሞ በኩል ጉሙ ተነሥቷል፣ አሁን መጥቶ ይውጠናል። የነሐሴ ፀሐይ እኮ ዘመድ ጠያቂ ናት፤ ብቅ ብላ «ደኅና ከረማችሁ?» ትልና ነጠላዋን ሰብስባ ትሄዳለች።

የምስሩን ሰፌድ ወዲህ በያት፣ አብረን እንልቀም። እኔ ብቻዬን አልሆነልኝም፤ ጠጠሩን ትቼ ምስሩን እየጣልኩ ተቸገርኩ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል… ምንም አይደለም፣ ብርድ ነው። ያች ነጭ በግሽ ወለደች? መንታ? እሰይ! በግ እንኳ በዚህ ክረምት የተጠበቀባትን አደረገች።

ምነው ጆሮሽን ወደ ጓዳ ጣል አደረግሽ? አዎ፣ እሱ ነው። ልጄ ነው፤ ኮሌጅ ሕክምና የሚማረው። ለክረምት መጥቶ እያጠና ነው። አይ፣ ድምፅሽን አትቀንሺ። ግድግዳው ስስ ጭቃ ነው፣ እሱ እንደሚሰማን እኛም… ማለቴ እኛ እንደምንሰማው እሱም… ተይው፣ አይሰማንም። ሲያጠና ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም። እንደ ልብሽ አውሪ።

«ሲ…» ይላል፣ ሰማሽው? «ሲ… ሲ… ቢ… ሲ…» ዜማው እንዴት ደስ ይላል! መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት እኔ ደንቆሮዋ ቀሪውን ቃል ስጠብቅ ዋልኩ። «ሲ» ካለ እኮ የሚከተል ነገር አለ፤ ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ሲበላ… «ቢ» ካለም እንዲሁ፤ ቢያርስ፣ ቢነግድ፣ ቢያነብ… እሱ ግን «ሲ» ብሎ ዝም፣ «ቢ» ብሎ ዝም። ሲ ምን? ቢ ምን? ለካ የፈረንጅ ፊደል ኖሯል! ለአንድ ጥያቄ አራት መልስ ይደረደራል አሉኝ፤ ስማቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው፤ ተማሪው እውነተኛውን ይመርጣል። ኤንና ዲን አጋጥመሽ ስትጠሪያቸው ደግሞ «ኤዲያ» ሊሆን «ያ» ብቻ ይቀረዋል። ይኸን ማንም አልነገረኝም፣ እኔው ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ግን የገዛ ልጄን አላነሣም። እናት ልጇን ታማለች? ስለ አንድ ሌላ ልጅ ላጫውትሽ እንጂ። አታውቂውም። እሱም ሕክምና ነው የሚማረው፤ እሱም የዚሁ የደባርቅ ልጅ ነው፤ እናቱም እንደኔ ባሏ የሞተባት ናት፤ ቤታቸውም… እዚሁ ገደማ ነው። ስሙን አልነግርሽም። ስም ምን ያደርግልሻል?

ብልህ ልጅ ነው! እንዲህ ያለ ብልህ አገራችን አላበቀለችም። ጓደኞቹ በቅሎ የሚያጎብጥ መጽሐፍ ይዘው ዓይናቸው እስኪቀላ ሲያነቡ፣ እሱ «ምን አደከመኝ?» አለ። ከቀደሙት ተማሪዎች የተረፈውን የአሮጌ ፈተና ጥያቄ እየዞረ ለቀመ፤ ከየመኝታ ቤቱ፣ ከየጓደኛው ሣጥን። መልሱ ከነምልክቱ አለበት። መጽሐፉንስ ጣለው? ኧረ ምን ቆርጦት! አከበረው እንጂ። ትራስ አደረገው። ካሉት ተማሪዎች ሁሉ ጭንቅላቱ ከመጽሐፉ ላይ ያልወረደ እሱ ብቻ ነው።

እኔ አሮጌ ጥያቄ ክፉ ነው አልወጣኝም። ያች የዳባቷ ልጅ፣ ሸጊቱ፣ የክፍል ጓደኛው፣ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝታኝ «እኔም በሱው ነው የማጠናው» አለችኝ። እንዴት እንደምታጠና ብነግርሽ ግን በሳቅ ትሞቻለሽ። መጀመሪያ መጽሐፉን ታነባለች፤ አንብባ ስታበቃ ጥያቄውን ታወጣለች። መልሱን በመዳፏ ሸፍና ራሷ ትመልሳለች። ታዲያ አገኘች እንበል፤ አርፋ ትቀመጣለች? አትቀመጥም! «ቢ ለምን አልሆነም? ቢ እውነት የሚሆነው ምን ዓይነት በሽተኛ ሲመጣ ነው?» እያለች የተጣሉትን ሦስቱን ደግሞ አንድ በአንድ ትሟገታቸዋለች። የሳተችውን ይዛ ወደ መጽሐፉ ትመለሳለች። ያንኑ ጥያቄ ሊረሳት ሲል እንደገና ራሷን ትጠይቃለች። አንድ ቀን ልብ፣ አንድ ቀን ሳንባ ብላ በሥርዓት መለየት እንኳ አታውቅም፤ አደባልቃ ነው የምትጠይቀው፤ «በሽተኛ በተራ አይመጣም» ትላለች። ምን ዓይነት ሞኝ ናት በይ! መልሱ ከፊቷ ተጽፎላት ምን አስለፋት?

አባቴን ታስታውሻቸዋለሽ፣ መሪጌታን። ተማሪ ንባቡን በቃሉ ተወጥቶ ሲመጣ «አበጀህ፤ አሁን ጀምር» ይሉት ነበር። ከዚያ ትርጓሜው ይመጣል፤ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ፣ ይኸኛው የቱ ጋ እንደሚያስኬድ፣ ያኛው የቱ ጋ እንደሚያሰናክል እያሳዩ ፀሐይ ትጠልቅባቸው ነበር። ሸጊቱን ቢያዩዋት ምን ይሏት ኖሯል? «ጊዜሽን ፈጀሽ» ነዋ! ሌላ ምን ይሏታል?

የኛው ብልህ ግን እንደሷ አልባከነም። ጥያቄውን ማንበብም አድካሚ ሆነበት መሰለኝ፣ ፊደሉን ብቻ ለይቶ አወጣ። ሲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤ… ልጅ ሆኖ ከአባቶች እግር ሥር ስለተቀመጠ ዜማ አይቸግረውም፤ ዜማ አበጀለት። ከዚያ እንደ የዕለት ጸሎት ከፋፈለው። ሰኞ ሳንባ፣ ማክሰኞ ልብ፣ ረቡዕ ጨጓራ፣ ሐሙስ ኩላሊት፣ ዓርብ… ዓርብ ጉበት! በጾም ቀን! ይኸን ስሰማ አማተብኩ። እናቱ ግን ምስኪን፣ ለፋሲካ ቤት መጥቶ ማለዳ ማለዳ ሲያዜም ከጓዳው ደጅ ቆማ ትሰማውና «ካድሬው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በሸሸበት ዘመን ልጄ ጸሎት አደርስ ሆነ» ብላ በደስታ ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ… ከሷ ጋር።

ታዲያ ፈተናው መጣ። የልብ ፈተና። የዋለው ግን ሐሙስ ነው!

አትሳቂ እንጂ፣ ኋላ ምስሩን ትደፊብኛለሽ። ሐሙስ ዋለ። ልጁ ወረቀቱን አየ፤ ስለ ልብ ይጠይቃል። አፉን ቢከፍት የሚመጣለት ደግሞ የሐሙሱ ዜማ ነው፤ ኩላሊት። ሐሙስ ቀን የማክሰኞን ማዜም እንዴት ይሆናል? ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ነው! እና የኩላሊቱን መልስ አንድ ሳያጎድል ልብ ላይ አሰፈረው። ልብና ኩላሊት የሚመረምር አንድዬ ብቻ ነው እንል ነበር እኛ፤ እሱ ግን «ምን መመርመር ያስፈልጋል?» ብሎ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። የሚፈትናቸው ፈረንጅ መምህር ደግሞ የመልሶቹን ተራ ቀያይሮት ኖሯል። ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው፤ «ሲ» የነበረውን ወደ «ኤ» አዛወረው። ምን ዓይነት ተንኮለኛ ነው? የማክሰኞውን ቢያዜምም ኖሮ አይጠቅመውም ነበር። ሸጊቱ የተቀያየረው አልታወቃትም አሉ። ለነገሩ እሷ ፊደሉ የቱ ጋ እንደተቀመጠ መች አይታ ታውቃለች? መልሱን ብቻ ነው የምታውቀው፣ ምስኪን።

ወደቀ አልልሽም። ማን ወደቀ አለ? ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ቀሪው ቃል መጣ እንጂ። ሲ ምን? ሲወድቅ። ቢ ምን? ቢያነብ ኖሮ።

ግድ የለም፣ ድጋሚ ፈተና ተሰጥቶታል፤ ለመስከረም። በዚህ ግን አልስቅም፣ ስንቅነሽ። ድጋሚውን ካላለፈ ከትምህርቱ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ የት እንደሚሄድ አንቺም ታውቂያለሽ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አምጡ ተብሎ ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ አይደለም? ጓድ ደምለው ሊቀመንበሩ በዚያች እናት ደጅ ሲያልፉ «ሐኪማችን ደኅና ነው?» ይሏታል። «ደኅና ነው» ስትላቸው፣ «ሐኪም ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነም እኛ እንፈልገዋለን» ብለው ፈገግ ይላሉ። ያን ቀን እህል በአፏ አይዞርም። አንድ ልጅ ነው ያላት። ትፈራለች። እኔም እፈራላታለሁ።

እሱ ግን አይፈራም። ጀግና ነው! ከስሕተቱም ተምሯል። የልብን ዜማ ከማክሰኞ አንሥቶ ወደ ሐሙስ አዛወረው! እናቱ ቀረብ ብላ «ልጄ፣ ድጋሚው ሰኞ ቢውልስ?» አለችው። አሰበ፣ አሰበ… ከዚያ «ቢ» ብሎ ጀመረ። ቢውልስ ሊል ነው ብላ ጠበቀች። የለም፤ ማዜሙን ነው የቀጠለው።

በዚህ ክረምት ደግሞ ለሕዝብ ማገልገል ጀምሯል። አልሰማሽም? ቢራራ፣ ያ ከዛሪማ ጨው የሚያመጣው በቅሎ ነጂ፣ እየተንዘፈዘፈ መጣበት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ራስ ምታት። ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ሲንዘፈዘፍ ምን እንደያዘው የኔ ዶሮዎችም ያውቃሉ። ሐኪማችን ግን አይቸኩልም። «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለው። «እንጃ» አለ ቢራራ። «አርባ አምስት ነህ?» «እንጃ፣ ልሆን እችላለሁ።» «ገበሬ ነህ?» «በቅሎ ነጂ ነኝ።» «ከመተማ ነው የመጣኸው?» «ከዛሪማ ነው።» አሮጌው ጥያቄ ላይ ያለው በሽተኛ ለካ ከመተማ የመጣ የአርባ አምስት ዓመት ገበሬ ኖሯል! ልጁ አዝኖ ራሱን ነቀነቀና «ጥያቄህ ጎደሎ ነው» አለው። ቢራራ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «መተማ ሄጄ ልምጣ?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው! ኋላ ሰዎች ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ክኒን ዋጠ፣ ተነሣ። ከዚያ ተመልሶ ለልጁ ወጠጤ ዶሮ አመጣለት። «ይዘህ ስላላቆየኸኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ። ምስጋና ነው እኮ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤልስ? እሳቸውም ጉልበታቸውን አሟቸው ጠየቁት። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ያደሩ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ቢያማቸው ይደንቃል? ልጁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አዜመና «ዲ» አላቸው። «ምን ማለት ነው ልጄ?» ቢሉት «ሁሉም» አላቸው። «ሁሉም ምኑ?» «ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ።» ቄሱ ወደ ላይ አዩ፤ ከጉልበታቸው በላይ ያለውን ሁሉ አሰቡ፤ ወገባቸውን፣ ሆዳቸውን፣ ልባቸውን፣ ራሳቸውን። ቤታቸው ገብተው ልጆቻቸውን ጠርተው ተናዘዙ። በሬውን ለታላቁ፣ ላሟን ለታናሿ ሰጡ፤ ተገንዘው ሊጠብቁ ምንም አልቀራቸውም። በማግስቱ ጉልበታቸው ተሻላቸው። አሁን በሬውን ለመመለስ ከልጃቸው ጋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም እስቃለሁ።

የእናቱ ነገር ነው የማያስቀኝ። እንቅርት አለባት… እንደኔው። ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ነው፣ የዚህ አገር ሴት የሌለባት ማን ናት? ዘንድሮ ግን ሌላ ጠባይ አመጣ። ልቧ ያለ ሩጫ ይሮጣል። ደባርቅ ብርድ ላይ ቁጭ ብላ ያልባታል። እየበላች ትከሳለች። እጇ… ምስር መልቀም እንኳ ያቅታታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቷት «ይኸ የድሮው ዓይነት አይደለም፣ ሳትውይ ሳታድሪ ጎንደር ሂጂ» አላት። እሷ ግን ኮራ ብላ ምን አለችው? «ልጄ ሐኪም አይደለም እንዴ? እሱ ሳያየኝ የማንን እጅ አስነካለሁ?» ከሰኔ ጀምሮ ጠበቀችው። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ደጅ እየወጣች።

መጣ። ሳመችው፣ አበላችው፣ እግሩን አጠበችው። ከዚያ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገለጠችለት።

አየ። ብዙ ጊዜ አየ። እናቱ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ፣ ፊቱ በራ! «ይኸማ አለ!» አላት። «እንዲህ ያለ አንገት፣ እንዲህ ያለ ላብ፣ እጅ መንቀጥቀጥ… አለ! ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ የአስተማሪ ሚስት ናት፣ መልሱ ቢ ነው!» እናቱም በደስታ «ቢ ምንድን ነው ልጄ?» አለችው። ከየት ያምጣው? ፊደሉን ነዋ ያጠናው! ቢ ምን እንደሆነማ ከትራሱ ውስጥ ነው ያለው። ኋላ «ደግሞ አንቺ ሠላሳ ዓመትሽ አይደለም» አላት። «አባዬም አስተማሪ አልነበረም። ምናልባት ሌላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።» ብሎ ወደ ጓዳው ገባ። እናቱ ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። ጎንደርም አልሄደችም። አሁንም ትጠብቀዋለች… ቢ ምን እንደሆነ እስኪነግራት።

ቢ ምን? ቢያየኝ? ቢጠይቀኝ? ቢያዝንልኝ?

እ… ማለቴ፣ ቢያዝንላት።

ዝም አለ እኮ፣ ሰማሽ? ዜማው ቆመ። ደክሞት ይሆናል። ወይ ደግሞ ጋደም ብሎ ከትራሱ ጋር እየተመካከረ ነው። አይ፣ አትነሺ፣ ስለሱ መች አወራን? ስለ ሌላ ልጅ አይደል ያወራነው? እንኪ ወንፊቱን። ምስሩንም አንድ እፍኝ ውሰጂ። ጠጠር ካገኘሽበት እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ቆይ ግን፣ ጉሙ ሳይደርስብን ያንን ልጅ መርቀነው እንለያይ። ሰው አውርቶ ሳይመርቅ አይነሣም። ድምፄን ከፍ ላድርገው፣ ምርቃት ሲሰማ ነው ደስ የሚለው። አንቺም አሜን በይ።

እግዚአብሔር ዕውቀቱን ያብዛልህ፣ ልጄ። መስከረምን በሰላም ያድርስህ። ፈተናህን ሐሙስ ያውልልህ። ፈረንጁንም ልቡን ያራራልህ፣ ፊደሎችህን ካስቀመጥክበት አያነቃንቅብህ። የምታክማቸውን ሁሉ አርባ አምስት ዓመት አድርጎ ከመተማ ያምጣልህ። ጓድ ደምለው በደጅህ ሲያልፉ «ዶክተር» ብለው ቆባቸውን ያንሡልህ። ለእናትህም ደግሞ፣ አንጀቴ፣ የሮጠውን ዕድሜዋን ወደ ኋላ ይመልስላት፤ አባትህን ከመቃብር ቀስቅሶ አስተማሪ ያድርግላት፤ እሷንም ሠላሳ ዓመት ያድርጋት… ያን ጊዜ ልጄ ያውቀኛል።